ጫማ አውልቄ የምገባበት መደብ

ሰኔ 3

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ቱሊፕ ብርድ ሳይቀምስ አያብብም። አንዴ መሬት ከያዘ ደግሞ አበባውን እስኪጨርስ ከቦታው አይነሣም፤ ከተነሣ ይሞታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያልተረዳ ሰው ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ሁሉ ግትርነት ሊለው ይችላል።

የሚተከሉትን የቱሊፕ ራሶች ያመጣችልኝ ራዕይ ናት። ባዮሎጂ አስተምሬያት ነበር፤ ዛሬ በሆለታ መንገድ ካሉት የአበባ እርሻዎች በአንዱ ትሠራለች። ላያቸው የቀይ ሽንኩርት ራስ ይመስላሉ። «ቲቸር፣ እነዚህ ጥቁር ነው የሚያብቡት። ለሙከራ መጥተው የተረፉ ናቸው፤ ከሚጣሉ እርስዎ ይሞክሯቸው» አለችኝ። ከየካቲት ጀምሮ በፍሪጃችን የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ በውስጣቸው ያለውን እምቡጥ ስለሚገድለው ባለቤቴ ዋጋነሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ሙዝም አቮካዶም ፍሪጅ ውስጥ አላስገባችም። ጎረቤት ሲጠይቃት «ፍሪጁን ለዱባለ ሽንኩርቶች አከራይቼዋለሁ» ትላለች።

ዛሬ ተከልኳቸው። መደቡን የሠራሁት ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ግንቡን አስጠግቼ ነው፤ ዋጋነሽ ቁጭ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ እንድታየው። የግቢያችን አፈር ጭቃ ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፤ በክረምት ያበሰብሳቸዋል። ስለዚህ ዙሪያውን በድንጋይ ከፍ አድርጌ በተገዛ አፈር ሞላሁት። አፈሩን ያመጡት በፒካፕ እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ጥቁር፣ ልስልስ፣ ጨብጠው ሲለቁት ፍርክስ የሚል። አስተምር በነበረበት ዘመን ሁሉ ለተማሪዎቼ ላሳየው የምመኘው ዓይነት አፈር ነው።

«ከየት ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ከታች ነው፣ ፋዘር። ብስባሽ ነው፣ የተነፋ።» በአገጩ ወደ ታች አመለከተኝ።

ወደ ታች ብዙ ሰፈር አለ።

ሰኔ 6

ሌሊቱን ዘነበ። ውሃው መደቡ ላይ አልተኛም፤ ሰርጎ ወረደ። በጣም ጥሩ።

ዋጋነሽ «ይሸታል» አለች። ብስባሽ ይሸታል አልኳት። «የብስባሽ ሽታ አውቃለሁ እኮ፤ ገጠር ነው ያደግሁት» አለች።

ሰኔ 10

ዝናቡ ከአፈሩ ውስጥ ትንንሽ ነገሮች እያወጣ ነው። የማበጠሪያ ጥርስ። የጠርሙስ አንገት። የልጅ ሸሚዝ ቁልፍ፣ ሰማያዊ። ሹፌሩ የተነፋ ነው ብሎኝ ነበር። በሻይ ማንኪያ እየለቀምኩ ጋዜጣ ላይ አደረቅኳቸው፤ ፕላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከጠርሙሱ ለየሁ።

ዋጋነሽ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከሻጭ።»

«ሻጩስ?»

«ከታች።»

እራት ላይ እንደገና ጠየቀችኝ። እንደገና ያንኑ መለስኩላት።

ሰኔ 13

ላስቲክ ልገዛ ወደ 18 ማዞሪያ ወጣሁ፤ በረዶ ቢጥል መደቡን የምሸፍንበት። ጀይሉ ጎረቤታችን ነው፤ ቤቱ ከእኛ ግንብ ጀርባ ነው፤ ማዞሪያው ላይ ሚስማር፣ ገመድና ላስቲክ ይሸጣል። ሳይቀልድ ዕቃ አይሸጥም።

«ቲቸር፣ የኔ ጣራ ያፈሳል፤ እርስዎ ለአበባ ላስቲክ ይገዛሉ። ምናለ እኔንም ቢተክሉኝ!»

ሳቅሁ። ላስቲኩን ሲቆርጥ ግን ቀልዱን ተወው።

«እትዬ ዋጋነሽ ጠዋት መጥተው ነበር።»

«ምን ልትገዛ?»

«ምንም። ያ አፈር የሚያዞረው ፒካፕ ከየት እንደሚጭን ጠየቁኝ።» መቀሱን አስቀመጠ። «ምን ልበል? የሚወራውን ነገርኳቸው። ከቆሼ ጥግ ነው ይላሉ። ወላሂ ቲቸር፣ ለእርስዎ መሆኑን አላወቅሁም።»

ላስቲኩን ጠቅልዬ ወጣሁ። ታክሲ አልያዝኩም፤ በእግሬ ተመለስኩ።

ማታ

ይህን ደብተር የማያውቀን ሰው ቢያነበው እንኳ እንዲገባው አድርጌ ልጻፍ። ቆሼ ረጲ የሚገኝ፣ የከተማው ቆሻሻ ለብዙ ዓመት ሲከመርበት የኖረ ተራራ ነው። የዋጋነሽ ታናሽ እህት ማኑሄ ከክምሩ ሥር ትኖር ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በመጋቢት አንድ ቀን ሲመሽ ክምሩ ተናደና ቤቶቹን ዋጠ። ብዙ ሰው ተቆፍሮ ወጣ። ማኑሄ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ዋጋነሽ መጋቢት በገባ ቁጥር ትሄዳለች፤ የት ላይ መቆም እንዳለባት ስለማታውቅ አጥሩን ተከትላ ዞራ ትመለሳለች። አንድ ዓመት አብሬያት ሄጄ ነበር። ስትዞር ቆሜ ጠበቅኋት።

ዛሬ ስገባ መደቡ አጠገብ በዝናብ ቆማ ነበር። ጥላ ልይዝላት ስል እጄን ገፋችው።

«ስምንት ዓመት ፈልጌ ያጣኋትን በፒካፕ አምጥተህ ደጄ ላይ ደፋሃት።»

በእርጋታ አስረዳኋት። ቦታው በጣም ሰፊ ነው። አፈር ይጓዛል፣ ይደባለቃል። ይህ ከጥግ የተዛቀ ነው፤ እሱም ቢሆን ወሬ እንጂ ማረጋገጫ የለውም። የምትፈሪው ነገር የመሆን ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም።

«ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም አልነገረኝም።»

ይህ እውነት ነው። ማንም አልነገረኝም።

ሰኔ 14

በወጥ ቤቱ በር መውጣት ትታለች። በዋናው በር ትዞራለች። ልብስ በረንዳ ላይ አሰጣች። የሰሃን ማጠቢያውን እጣቢ እንኳ ግቢ አትደፋም፤ በባልዲ ተሸክማ ባኞ ቤት ትወስደዋለች።

ሰኔ 18

በቀሉ። ጫፋቸው ሐምራዊ ነው፤ አፈሩን ገፍተው፣ ጎን ለጎን። ምን እንደሚመስሉ አልጽፍም። ዋጋነሽ በመስኮት አየቻቸውና መጋረጃውን ሳበች።

ሰኔ 22

ዛሬ ተጣላን። «አፈሩን አንሣልኝ» አለች። እስኪያብቡ ታገሺኝ፣ አሁን ከተነቀሉ ይሞታሉ፣ አበባው ሲያልቅ እኔው በእጄ አወጣዋለሁ አልኳት። ምክንያታዊ ሐሳብ ይመስለኛል። ይህን ያህል ወር የደከምንበት ነገር ነው፤ እሷም ደክማበታለች።

«ያኔም ደንብ አልክ» አለችኝ። «ዛሬም ደንብ።»

«ያኔ» ያለችው የእድሩን ነገር ነው። ማኑሄ ስትጠፋ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ድንኳን የሚተከለው ለቀብር ነው። አስከሬን ካልተገኘ ቀብር የለም፤ ቀብር ከሌለ ድንኳን የለም። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ስብሰባ ላይ ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው። የጸሐፊ ሥራ ይኸው ነው። ለቅሶውን ሳሎናችን ውስጥ፣ ከየጎረቤቱ በተለቀመ ወንበር ተቀመጥን። ብዙ ሰው መጣ። ቦታ ያጣው ደጅ ቆመ። ያን ቀን አልዘነበም፤ ይህንን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

ሰኔ 23

ዋጋነሽ አሸዋ ሜዳ፣ ወንድሟ ነገሬ ቤት ሄደች። ለጥቂት ቀን ነው። የግፊት መድኃኒቷን፣ ትልቁን ጋቢና ያላትን ጫማ ሁሉ ይዛለች። ፌርማታ ድረስ ልሸኛት ብል አልፈለገችም።

ሰኔ 25

ራዕይ ጋ ደወልኩ። ሳይሞቱ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቆፍሮ፣ ሥሩ የያዘውን አፈር ሳያራግፉ ከነአፈሩ ማንሣት ነው፣ ቲቸር። ግን ይህን ራስዎ ነው ያስተማሩን።»

ከነአፈሩ። አመሰገንኳት።

ሰኔ 28

ቀጥ ብለው እያደጉ ነው። ወደ መደቡ ስገባ ጫማዬን ማውለቅ ጀምሬያለሁ። ጫማ አፈር ይጠቀጥቃል፤ ሥር አየር ያጣል።

ሐምሌ 2

ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ነገሬ ነው። «ተኝታለች፣ ጋሼ» አለኝ። ጊዜው እኩለ ቀን ነው። ከጀርባው ድምፅዋ ይሰማኛል፤ «ሰሃኑን አምጡልኝ» ትላለች ለልጆቹ።

«እሺ፣ ስትነሣ ደወለ በላት።»

«እሺ፣ ጋሼ።» ያፈረ ይመስላል። ነገሬ መዋሸት አይችልበትም።

ሐምሌ 5

በረዶ። ላስቲኩን ነፋስ ገነጠለው። ይዤ ቆምኩ። ጥቂቶቹ ተሰበሩ። ልብሴ እስኪደርቅ ምድጃ አጠገብ ነኝ። ወገቤ።

ሐምሌ 6

ከግንቡ ማዶ ሴቶች ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ መደቡ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ስለነበር አላዩኝም።

«ሚስቱን ሸኝቶ ከአበባ ጋር ይኖራል አሉ።»

«እሱማ ሲያስተምርም እንዲሁ ነበር። ልጄን አንድ ቃል ጎደላት ብሎ ዜሮ ሰጥቷታል።»

«ጥቁር አበባ ግን ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ለመቃብር ነዋ!»

ሳቁ። ወዲያው አንዷ «ሽሽ፣ ተይ እንጂ» አለቻት።

ለአንድ ቃል ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም። ግማሽ ማርክ ነው የምቀንሰው።

ሐምሌ 10

ሲመሽ በር የተንኳኳ መሰለኝ። ማኑሄ ስትመጣ የቆርቆሮውን በር በሳንቲም ነበር የምትመታው፤ ፈጠን ፈጠን አድርጋ፣ «ጋሽ ዱባለ፣ ኧረ ክፈቱልኝ፣ ቆሜ ደረቅሁ እኮ!» እያለች። ዶፍ እየወረደባትም «ደረቅሁ» ነው የምትለው። ጎመን ትሸጥ ነበር፤ ከሽያጭ የተረፈውን ይዛልን ትመጣና አበባዎቼን ዞራ አይታ፣ «እንዲህ ያለ መሬት ይዞ የማይበላ ነገር የሚተክል ሰው!» ብላ ለዋጋነሽ ትከሰኛለች። ሁለቱ ሲስቁ ሳሎን ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ከፈትኩ። ማንም የለም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተለያየ ድምፅ ያወጣል፤ የታወቀ ነገር ነው።

በሩን ሳልቆልፈው አደርኩ። ቁልፉ ዝጎ ያስቸግራል።

ሐምሌ 14

ከአፈሩ የሚወጣውን ከእንግዲህ ጋዜጣ ላይ አላስቀምጥም። የዋጋነሽን ትልቁን ትሪ አወጣሁና ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩበት። መለየቱንም ትቻለሁ። ፕላስቲኩም ብረቱም አብሮ ይቀመጥ። የደጁን መብራት አብርቼ አድራለሁ፤ ሌባ በዝቷል ይባላል።

ሐምሌ 18

ጀይሉ ላስቲኩን በእንጨት ወጥሮ ሊመታልኝ መጣ። መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ መደቡን አየ።

«ልግባ?»

«ግባ።»

ምንም ሳልለው ጫማውን አወለቀ። መዳፎቹን ዘርግቶ ቆየ፤ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው። ከዚያ ፊቱን አበሰ።

«የአጎቴ ልጅ ፈይዛ ከነልጆቿ እዚያው ናት» አለኝ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን አልነገርከኝም።»

«መች ጠየቁኝ፣ ቲቸር?» ወዲያው ፈገግ አለ። «ደግሞ እርስዎን ማን ደፍሮ ይነግርዎታል? ማስረጃ አምጣ ቢሉኝስ!»

ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እሱም አልጠበቀኝም፤ ሚስማሩን መምታት ጀመረ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «አፈሩን የሚያነሡ ከሆነ ሳይነግሩኝ እንዳያነሡት። የእትዬ ዋጋነሽ ብቻ አይደለም» አለኝ።

ሐምሌ 21

ያን ፒካፕ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ አገኘሁት። ሹፌሩ በመስኮቱ ክንዱን አውጥቶ በቆሎ ይበላል።

«ባለፈው የሸጥክልኝ አፈር ከየት ነው የተጫነው? በትክክል ንገረኝ።»

«ኧረ ፋዘር፣ እርስዎ ነዎት? አበባው በቀለ?»

«ከየት ነው?»

«ከአንድ ቦታ አይደለም። ከዚህም ከዚያም ነው። ከረጲ በኩልም አለበት።» በቆሎውን አስቀመጠ። «ያኔም ልነግርዎት ስል እኮ፣ ‹ይበቃል፣ አውርደው› አሉኝ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«እሺ ፋዘር፣ አላሉም።»

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ሰው በቀን ብዙ ነገር ይናገራል። ሹፌሩም ቢሆን በቀን ስንት ሰው ያናግራል።

ሐምሌ 23

እምቡጥ ያዙ። የበሰበሱም አሉ፤ ከተከልኩት ግማሹ ቢተርፍ ነው።

ሙዝ ገዛሁ። ፍሪጅ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፤ ራሶቹ ከመሳቢያው ከወጡ ስንት ጊዜያቸው።

ሐምሌ 27

አበበ።

ማለዳ ወጥቼ ሳይ አንዱ ተከፍቶ ነበር። ራዕይ ያለችው እውነት ነው፤ ጥቁር ነው፤ ግን ጥቁርነቱ እንደ ከሰል አይደለም። በደመና ሲያዩት ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ የቀረበት ዋሻ ይመስላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ለአፍታ ወጣችና ከኋላው ስትመታው ሌላ ሆነ፤ ጠርዙ የወይን ጠጅ፣ መሐሉ የደረቀ ደም። ደም ማለት አልፈለግኩም፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሲመሽ ቅጠሎቹን መልሶ ሰበሰበ።

ይህ አበባ በኮልፌ ክረምት፣ በእኔ ግቢ፣ በእኔ እጅ አብቧል። ለዓመታት ያሰብኩት ነው። ለማን ልንገር? የወጥ ቤቱን በር ከፍቼ ዋጋነሽ የምትቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ከምታይበት ቦታ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ሲያዩት የሚታየው አበባው አይደለም፤ አፈሩ ነው። ከዚህ በፊት እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 29

ሌሎቹም ተከፈቱ። የሚያይ የለም። ዝናብ።

ነሐሴ 1

አሸዋ ሜዳ ሄድኩ። አበባ ቆርጬ ልወስድላት አስቤ ነበር፤ መቀሱን ይዤ መደቡ ውስጥ ብዙ ቆምኩ፤ ተውኩት።

ነገሬ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ጋሼ» ሲለኝ ዋጋነሽ ከኋላው ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ከስታለች።

«አበባው ወጣ?»

«ወጣ።»

«ምን ይመስላል?»

ነገርኳት። ደመና ሲሆን እንዲህ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንዲህ ነው አልኳት። ራሷን ዘንበል አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ። ለአፍታ የምትስቅ መሰለኝ።

«አፈሩስ?»

«አለ። አበባው እንዳለቀ በአንድ ቀን አስጭነዋለሁ። ሰው አናግሬያለሁ።»

«ወዴት?»

ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩበትም። እኔ፣ ሁሉን አስቀድሜ የማሰናዳው ሰው።

«እዚያ እያለ አልገባም» አለች። «አውጥተህ ከጣልካትም አልገባም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዋጋነሽ?»

«ደንቡን እየው።»

ገብታ በሩን ዘጋችው። ከውስጥ ነገሬ፣ «ኧረ እትዬ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ!» ሲል ሰማሁ። እሷ የመለሰችለት አልተሰማኝም።

ነሐሴ 2

አልተኛሁም። ደንቡን አወጣሁት። አየሁት። ያው ነው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ ነበር። ከጸሐፊነት ከወረድኩ ወዲህ የምቀመጠው ከኋላ ነው። «ልዩ ልዩ ጉዳይ» ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ለማኑሄ ድንኳን እንዲተከል ጠየቅኩ። ለፈይዛና ለልጆቿም። ከሰፈራችን ዘመዱ እዚያ ቀርቶበት ድንኳን ላልተተከለለት ሰው ሁሉ።

የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቲቸር፣ አንቀጹን ያነበቡልን እርስዎ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከፊት ከተቀመጡት አንዲት እናት፣ «ደግሞ ለአፈር ድንኳን እንትከል?» አሉ። አፈሩን ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቅ ያኔ ገባኝ።

ጀይሉ ተነሣ። «እማማ፣ ለአፈር አይደለም። ለፈይዛ ነው። ጠዋት ጠዋት ቲማቲም ልትሸጥ ስትመጣ ‹መርቂ እንጂ› እያሉ የሚጨቀጭቋት እርስዎ አልነበሩም?»

«እኔ ነበርኩ» አሉ ሴትየዋ። «ትመርቅልኝ ነበር እኮ። እጇ ሰፊ ነበር።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው፤ ድንኳኑ አንድ ነው። ስምምነቱ ብዙ አልፈጀም። የቆየው አንቀጹ እንዴት ይሻሻል የሚለው ነው። አንዱ ይህን ይላል፣ ሌላው ያንን። በመጨረሻ የአሁኑ ጸሐፊ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋው። «ቲቸር፣ እርስዎ ይጻፉት።»

ጻፍኩት። አጭር ነው። አስከሬን የሚለው ቃል የለበትም።

ነሐሴ 8

ዋጋነሽ፣

ይህን ገጽ የምጽፈው ለአንቺ ነው። ጀይሉ ነገ ጠዋት ዕቃ ሊያመጣ በአሸዋ ሜዳ ያልፋል፤ ደብተሩን እንዳለ ይሰጥሻል። ከፊት ባሉት ገጾች የማያስደስትሽ ነገር ብዙ አለ። አንድም አልሰረዝኩም። በዝናብ ቆመሽ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ የሰጠሁሽ መልስ ሙሉ አልነበረም። ስትመጪ ፊት ለፊት እመልስልሻለሁ።

ድንኳኑ የፊታችን እሑድ፣ ነሐሴ 11፣ ግቢያችን ውስጥ ይተከላል። ቄሱ መጥተው ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ጀይሉ ሼሁን ይዞ ይመጣል። ማን ይቅደም የሚለውን ሁለቱ ተገናኝተው ጨርሰዋል፤ እኔ አልገባሁበትም። ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ደጅ የሚቆም ሰው አይኖርም።

የቀረው አፈሩ ነው። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ቦታ አይጠፋም ብለውኛል። ጀይሉ «የኛዎቹስ?» አለ፤ ልክ ነው። ወደ መጣበት መመለስም ይቻላል፤ ግን እዚያ ከተመለሰ መጋቢት ሲመጣ እንደገና አጥሩን ልትዞሪ ነው። እዚሁ ይቆይ ብንል ድንጋዩን አጠናክሬ፣ ማንም እንዳይረግጠው አድርጌ ላስቀምጠው እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሩን በከፈትሽ ቁጥር ታዪዋለሽ። ይህን ትችዪው እንደሆነ እኔ አላውቅም። ሁሉንም አገላብጬ አየሁት፤ መወሰን የእኔ አይደለም። እህትሽ ናት። ዛሬ ንቀለው ካልሽኝ አበባው እንዳለ እነቅለዋለሁ።

እሑድ ሰው ሲገባ የሚያጽናናው ባለ ለቅሶ ይፈልጋል። እኔ ብቻዬን ብቀመጥ ማንን አጽናኑ ይባላል? የአንቺን መቀመጫ ከጀይሉ እናት አጠገብ አድርገነዋል፤ ደስ ካላለሽ ይቀየራል።

አፈሩ የት ይረፍ? አንቺስ ትመጪያለሽ? በነገሬ ስልክም ቢሆን፣ በጀይሉ አፍም ቢሆን፣ ድንኳኑ ሳይተከል እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ዱባለ